የጠዋቱ ያንተ፣ የማታው የሐኪሙ

ጥር 9 ቀን

ለጩጬ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ከተቀመጥኩበት ይድረስህ፤ ተነሥቼ ልላክልህ ብል ጭኔ አይፈቅድም። አምላክ ጉልበትህን ይጠብቅልህ። የእኔን እንኳ አንተው በብልቃጥ እየላክህ ጨርሰኸዋል።

ይህን በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ገና «እግሬን» ከማለቴ «አይዞሽ እትዬ፣ ብቻ መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ» ትልና ወሬውን ወደ አየር ጠባይ ትወስደዋለህ። ስለዚህ በወረቀት ይሁን። ወረቀት ላይ አታቋርጠኝም።

ባለፈው ዓመት ልቤን ታምሜ ከሆስፒታል ከወጣሁ ሁለት ወር ሳይሞላኝ ነው የመጀመሪያው ብልቃጥ የደረሰኝ። የአክስታችን ልጅ ናት ካለህበት ባዕድ አገር ያመጣችልኝ። ላዩ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፈህ፣ በዚያ በተጣመመ ጽሕፈትህ ስሜን ጽፈህ፣ «ለኮሌስትሮል፣ በቀን አንድ፣ ጠዋት» ብለህበታል። ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም። ወንድሜ አሰበኝ ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አሳየሁ። ይኸው ሰባተኛው ብልቃጥ ላይ ደርሻለሁ። ልቤስ ዝም ብሏል፣ እግሬ ግን አፍ አውጥቶ ይጮኻል።

ሁለቱንም ጭኔን ነው የሚያመኝ። ትከሻዬም ተጨምሯል። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ሲደበድቡኝ ያደሩ ይመስለኛል። የሱቄን ደረጃ ታውቀዋለህ፣ አራት እርከን ናት፤ ግድግዳ ይዤ ነው የምወጣት። የስፌት መኪናዬ ደግሞ በእግር ካልረገጧት አትሰፋም። የትምህርት ቤቱን አርባ ቀሚስ ቆርጬ ደርድሬ፣ የሰፋሁት አሥራ አንድ ብቻ ነው። አንዱን ጎን እሰፋና ጭኔን እያሸሁ እቀመጣለሁ። ዳይሬክተሯ መጥታ የተሰፋውን ቆጥራ ቁጥሩን ደብተሯ ላይ ጽፋ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጎረቤቴ ሰዓት ጠጋኙ ይህ መድኃኒት ጡንቻን እንደ ሳሙና ያሟሟል ይላል። እሱ መቼም የማያውቀው ነገር የለም፤ የሰው ሰዓት ግን የባሰ ሲያዘገይ ነው የሚውለው። ቢሆንም ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርህ። ለልቤ ብዬ እግሬን አልሰጥም። የያዝኩት ብልቃጥ ሲያልቅ አቆማለሁ። ሌላ እንዳትልክ።

እህትህ


የካቲት 1 ቀን

ለእትዬ፣ ለእናቴ ምትክ፣

ሰላምታዬ ከእግርሽ ጣት ጀምሮ ወደ ላይ ይድረስሽ። ፈጣሪ ሕመሙን ከጭንሽ ነቅሎ ይጣልልሽ። ከዚህ በላይ መመረቅ አልችልም፣ ተናድጃለሁ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ሥራ ቦታ ነው፣ የሆስፒታሉን አንሶላ ከማጠቢያው እያወጣሁ። «አቆማለሁ» የምትለዋ ላይ ስደርስ አንሶላውን እዚያው ጥዬ ወጣሁ። አለቃዬ ከኋላዬ ሲጮህ ይሰማኝ ነበር፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት።

አባታችን በሃምሳ ሦስት ዓመቱ መላጊያውን እንደያዘ እንጨቱ ላይ ተደፍቶ ቀረ። ታላቃችን በሃምሳ ሁለት፣ ያውም ጠዋት እየሳቀ ከቤት የወጣ ሰው። ሁለቱም አንድ ቀን «ልቤን አመመኝ» አላሉም። ከዚያ ቤት ሕመሙ አስጠንቅቆ የማራት የመጀመሪያዋ ሰው አንቺ ነሽ። ሁለተኛ ጊዜ ያስጠነቅቃል ያለሽ ማን ነው? ሰዓት ጠጋኙ ነው?

እኛ ሆስፒታል መድኃኒት ቤት የምትሠራ አንዲት ሴትዮ አለች። ቁጡ ናት፣ ግን ታውቃለች። ጋዋኗን የምተኩስላት እኔ ስለሆንኩ ትታገሠኛለች። ሄጄ ጠየቅኳት። አንድ ጊዜ ልቡን ለታመመ ሰው ይህ መድኃኒት ሁለተኛውን ሕመም በመከላከል ጥቅሙ ብዙ ነው አለችኝ። የጡንቻ ሕመም አንዳንድ ሰው ላይ ይመጣል፣ አብዛኛው ሰው ላይ አይመጣም። ከመጣ ሐኪሙ ደም መርምሮ መጠኑን ይቀንሳል ወይም በሌላ ይለውጣል፤ በገዛ እጅ አይቆምም። ያ ጡንቻን ያሟሟል የተባለው እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደርሰው፣ እሱም ሲመጣ ሽንት እንደ ሻይ ይጠቁራል አለች። ስለ እሱ ብቻ ቶሎ ጻፊልኝ።

አርባ ቀሚስ ትያለሽ። አርባውንም ሰፍተሽ ብትሞቺስ? ሰባት ዓመት ትበልጪኛለሽ፣ ያሳደግሽኝም አንቺ ነሽ። ይህን ፊትሽ ቆሜ ብናገር በዚያች በቢጫ ሜትርሽ ትገርፊኝ ነበር። ግረፊኝ፤ ግን ዋጪ። ነገ ጠዋትም፣ ከነገ ወዲያም ዋጪ። ስምንተኛው ብልቃጥ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። እንዳትመልሺው።

ታናሽሽ


የካቲት 22 ቀን

ለአለቃዬ፣

ደህና ሁን፣ ደህና እደር፣ አምላክ ልብ ይስጥህ። ሰላምታው ይኸው ነው።

ስለ ሞት እኔን ታስተምረኛለህ? የአባታችንን መገነዣ ጨርቅ የቆረጠው ማን ነው? የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አንተ አሥራ ሁለት ዓመትህ ነበር፣ በሩ ላይ ቆመህ መቀሱን ስትሰማ አይቼሃለሁ። የታላቃችንንም የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሁለቱንም ጊዜ ልክ አላስፈለገኝም፤ ትከሻቸውን አውቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ ነጭ ጨርቅ ይዞልኝ የሚመጣን ሰው ወደ ሌላ ሰፊ እመልሰዋለሁ። ስለዚህ እባክህ።

አንተ የሆስፒታሉ ማጠቢያ በኤሌክትሪክ ይዞርልሃል። የእኔ መኪና ካልተረገጠች ሥራ የለም። ሥራ ከሌለ ልቤ ለምን ይመታል፣ ተጋድሜ ጣሪያ እንዳይ ነው?

ቢሆንም እየዋጥኩ ነው። ጮኽክብኝ፣ ፈራሁህ። በዚህ ዕድሜዬ ጩጬን ፈራሁ። ያው ደስ ይበልህ።

ወደ ሐኪሜም ሄጃለሁ፣ አልሄደችም እንዳትለኝ። ልጄ ሊሆን የሚችል ትሑት ሰው ነው። ጭኔን ተጫነው፣ ክንዴን አስነሣኝ፣ ከዚያ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ እማማ?» አለኝ። «የለም» አልኩት። ምን ልበለው? ከሆስፒታል ስወጣ ጀምሮ እሱ ራሱ የጻፈልኝ የኮሌስትሮል ክኒን አለ፣ ማታ ማታ የምውጠው። «ወንድሜ ከውጭ ሌላ ይልክልኛል» ብዬ ብነግረው «ያንተ አይረባም» ማለቴ አይደል? ቅር ይለዋል። ያንተን ትቼ የሱን ብቻ ብውጥ ደግሞ አንተ ቅር ይልሃል፤ ከአፍህ ነጥቀህ እንደምትልክልኝ አጥቼው አይደለም። ስለዚህ የጠዋቱ ያንተ፣ የማታው የሐኪሙ። ማንንም አላስቀየምኩም። ስማቸውም መልካቸውም ለየቅል ነው፤ የሱ ነጭና ክብ ናት፣ ያንተ ሞላላ። ለአንድ ልብ ሁለት ዘበኛ ምን ይጎዳዋል ብዬ ነው።

ያ የጠየቅኸኝን ነገር መጻፍ ያሳፍራል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን እንደ ሻይ ጠቁሮ ነበር። ዛሬም ጠቆር ብሏል። ውሃ ስላልጠጣሁ ይሆናል።

እህትህ


መጋቢት 9 ቀን

እትዬ፣

ይህን የምጽፍልሽ ሆስፒታል ተኝተሽ፣ ክንድሽ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶብሽ እያለ ነው። ምሕረቱን ያውርድልሽ ከማለት ሌላ ሰላምታ አይመጣልኝም።

ደብዳቤሽን አንብቤ ሳልጨርስ ነው ለሰዓት ጠጋኙ የደወልኩለት። «ሱቅህን ዝጋና እህቴን አሁኑኑ ሆስፒታል አድርስልኝ» ስለው ለምን እንኳ አላለኝም። አራቱን እርከን ተሸክሞ እንዳወረደሽ ሰምቻለሁ። ስለ ሰዓቱ የተናገርሽውን አንሺለት። በማግስቱ ደግሞ የሐኪሙን ብልቃጥ በማጉያ መነጽሩ ይዞ ስሙን ፊደል በፊደል አነበበልኝ።

ሁለቱንም ስም ለመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ሰጠኋት። አየችና «እነዚህን አንድ ላይ የሚወስድ ማን ነው?» አለች። እህቴ ናት አልኳት። ስማቸው ተለያየ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው አለችኝ፤ ሁለቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ለሁለት ሰው የሚበቃውን በአንድ ሰውነት ስትውጪ ነው የከረምሽው። ጭንሽ የጮኸው እውነቱን ነበር። ጡንቻሽ እየተበላ ኩላሊትሽ ላይ ሊደርስ ነበር።

ለይሉኝታ ብለሽ ነው እኮ። ሐኪሙ እንዳይቀየም። ቢቀየም ምን ይሆናል? ምሳውን ሳይበላ ይውላል? ጠይቆሽ ነበር እኮ እትዬ፣ አፉን ከፍቶ ጠይቆሽ ነበር። ይህን ሳስብ ቆሽቴ ያርራል።

እኔስ? እዚያ ምን እንደሰጡሽ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄሽ አላውቅም። ልታቆሚ ስትይ ጮኼ ያስዋጥኩሽም እኔ ነኝ። ፊቴን በመስተዋት ማየት አስጠልቶኛል።

ከእንግዲህ ሐኪሙ የሚልሽን ብቻ። የእኔን ብልቃጦች ጣያቸው። ለማንም ሳታሳዪ፣ ዛሬውኑ አስጥያቸው።

ታናሽሽ


መጋቢት 28 ቀን

ጩጬ፣

ተርፌያለሁ። ኩላሊቴ ደህና ነው። አምስት ቀን ውሃ ሲያንቆረቁሩብኝ ሰንብተው ወደ ቤቴ ሰደዱኝ። ሐኪሙ አልተቀየመም፣ ተቆጣ እንጂ። ትሕትናውን ረስቶ ጠረጴዛውን መታ። «እናቴ እንዲህ ብታደርገኝ አላናግራትም ነበር» አለኝ። ከዚያ ወጥቶ በራሱ እጅ ውሃ አመጣልኝ። ሁሉንም ለጊዜው አቁሜ፣ ደሜ ሲስተካከል በሌላ ዓይነት፣ በትንሹ እንደሚያስጀምረኝ ነገረኝ። ያለ መድኃኒት ልተውዎት ብል ልብዎን አላምነውም አለ።

ብልቃጦቹንም ላያቸው ፈለገ። አንተ ጣያቸው ብለሃል፤ እኔ ደግሞ ባዶ ብልቃጥ አልጥልም፣ ቁልፍና መርፌ አስቀምጥባቸዋለሁ። ስምንቱንም በፌስታል ይዤለት ሄድኩ። አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣና «እማማ፣ ከዚህ ወረቀት ሥር ሌላ ወረቀት አለ» አለኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ በሙጫ የተያያዘ ገበር ስለያይ ነው የኖርኩት። ቤት ወስጄ የካውያዬን እንፋሎት አስጠጋሁበት። ያንተ ነጭ ወረቀት ተላጠና መጣ። ከሥሩ የታተመ ወረቀት አለ። ፊደሉ የባዕድ ነው፤ ግን በዚያ ፊደል ስምህን አውቀዋለሁ፣ ስንት ዓመት ፖስታ ላይ እየገለበጥኩት። የተወለድክበት ዓመትም አለ። ሁለተኛውን ላጥኩ፤ ያንተ ስም። ሦስተኛውንም። ስምንቱንም ላጥኳቸው። ስምህን እያየሁ አውራ ጣቴን በካውያው አቃጠልኩ።

እኔ እኮ ገዝተህ የምትልክ መስሎኝ ነበር። ለማንም ሳታሳዪ ጣይ ያልከኝ ለካ ለዚህ ኖሯል።

መድኃኒቱ የታዘዘው ላንተ ነው። ስምንት ብልቃጥ፣ ስምንት ወር። እኔ ያንተን ስውጥ አንተ ምን እየዋጥክ ነበር? በዚህ ክረምት ሃምሳ ሁለት ትሞላለህ። ታላቃችን በስንት ዓመቱ እንደሞተ በገዛ እጅህ ጽፈህልኛል፤ ደብዳቤው እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ አለ።

አይዞሽ አትበለኝ። ወደ አየር ጠባይም እንዳትሄድ። የጠየቅኩህን መልስ።

እህትህ


ሰኔ 2 ቀን

እትዬ፣

ሁለት ወር ዝም ያልኩት ፖስታ ዘግይቶ አይደለም። ስልክሽን ያላነሣሁትም ሥራ በዝቶብኝ አይደለም።

ምንም አልዋጥኩም።

አንቺ የታመምሽ ጊዜ ነገሩ የቤተሰብ ሊሆን ይችላል ብለው እኔንም መረመሩኝ። ኮሌስትሮሌ ካንቺም ይበልጣል። መድኃኒቱን ጻፉልኝ፣ አንድ ወር ያህል ዋጥኩት። ከዚያ ባቴ ታመመ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው አንሶላ የማጥፈው፤ አለቃዬ መቀመጥ የሚፈልግ ቤቱ ይቀመጥ ባይ ነው። ስለዚህ አቆምኩት። ለሐኪሜ አልነገርኳትም። «መድኃኒቱ እንዴት ነው?» ስትለኝ «ተስማምቶኛል» እላታለሁ፣ ደክማልኛለች፣ ቅር እንዳይላት ብዬ። አንቺን በይሉኝታ የሰደብኩሽ ሰውዬ እኔ ነኝ። እንደፈለግሽ ሳቂብኝ።

በየወሩ ግን መድኃኒቱን ይሰጡኛል። መጣል ከበደኝ። እህቴ ልቧን ታማለች፣ እሷን ይጥቀማት አልኩ። ያንን ነጭ ወረቀት ስለጥፍ ጽድቅ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር፤ ብልቃጡ ከቤት ሲወጣ እኔም የዋጥኩት ያህል ይቀለኛል። «ከአፍህ ነጥቀህ» ብለሽ ስትጽፊልኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከአፌ አልነጠቅኩም እትዬ። የተፋሁትን ነው የላክሁልሽ።

ዋጪ ብዬ ስጮህብሽም በራሴ ነበር የምጮኸው። እሷ በዚያ እግሯ ከዋጠች እኔም ነገ እጀምራለሁ እል ነበር። ነገ ይመጣል፣ እኔ እግሬን አስብና እተወዋለሁ።

አሁንም እፈራለሁ። መቆም ካቃተኝ ከሥራ እባረራለሁ። ልቤን እንዳልፈራው ደግሞ ምንም አይለኝም፣ ዝም ነው። አባታችንንም ዝም ብሎት ነበር።

ታናሽሽ


ሐምሌ 1 ቀን

ጩጬ፣

ደብዳቤህን ሰዓት ጠጋኙ ፊት ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ አብሮኝ እንዲሰድብህ። አልሰደበህም። «የሱም እግር ታሞ ኖሯል?» አለና ወደ ሰዓቱ አጎነበሰ። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ ከንዴት።

የተፋኸውን አበላኸኝ። ይህን አልረሳልህም። ይቅር በይኝም እንዳትለኝ፣ ገና አልበረደልኝም። ቁጭ ብዬ መጋረጃ እየሰፋሁ ድንገት ትዝ ይለኝና መርፌውን እሰብራለሁ። አዎ፣ መጋረጃ ነው የምሰፋው፤ የትምህርት ቤቱ ቀሚስ ለሌላ ሰፊ ተሰጥቷል።

መድኃኒት ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። ሌላ ዓይነት ነው፣ መጠኑም ትንሽ ነው። ሐኪሙ እግርዎን አያምዎትም ብሎ አልማለልኝም፤ ካመመዎት ይንገሩኝ፣ ደግሞ እንለውጠዋለን ነው ያለኝ። አሁን ሲጠይቀኝ ሁሉንም እነግረዋለሁ፣ የሰዓት ጠጋኙ ሚስት ያፈላችልኝን የቅጠል ሻይ ሳይቀር። ሐኪሙን አሰልችቼዋለሁ። ጭኔ አንዳንድ ቀን ይቆጣል፣ ቢሆንም መኪናዋን ይረግጣል።

አንተም ሂድ። ለሐኪምህ «ሳልውጥ ዋጥኩ እያልኩ ነው የኖርኩት፣ ባቴን ስላመመኝ ነው» በላት። ቅር ይበላት። ማልቀስ ካማረህም እሷ ፊት አልቅስ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ቢጫዋን ሜትሬን ልኬልሃለሁ፣ ያቺን የምገርፍህን። ወደ ባዕድ አገር ስትሄድ የያዝኩት ልክህ ደብተሬ ላይ አለ፣ ግን የሃያ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ልክ ነው፤ ለምንም አይሆንም። ደረትህን፣ ወገብህን፣ የእጅጌህን ርዝመት ለክተህ ጻፍልኝ። ግራጫ ሱፍ ገዝቻለሁ። ካፖርት ልሰፋልህ ነው፣ ራስህ መጥተህ እዚህ ሱቄ ውስጥ ትለብሰዋለህ።

መድኃኒቱን ካልጀመርክ ግን ልክህን እንዳትልክ። ሜትሬን ብቻ መልስልኝ። ለዚያኛው ነጭ ጨርቅ ልክ አያስፈልገኝም፤ ትከሻህን አውቀዋለሁ።

እህትህ